የጋሽ ጴጥሮስ መታጠፊያ

ሰው ያለ ጉዳይ ይሄዳል ወይ? እኔ በመምህርነት ተመድቤ ጂንካ ስመጣ፣ መንገድ ላይ ያገኘኝ ሁሉ «ወዴት ነው?» ይለኝ ነበር፤ ጉዳይ የሌለው መንገደኛ አይታወቅማ። ወይ ገበያ፣ ወይ ቤተ ክርስቲያን፣ ወይ ልቅሶ፣ ወይ ወረዳ። አሁን ግን ሐኪም ደም ብዛቴን ለክቶ «ይራመዱ» ስላለኝ፣ ከከተማው በላይ ባለው ደን ውስጥ በቅርቡ በተከፈተው ፓርክ በየቀኑ እራመዳለሁ። በሩ ድረስ የምሄደው በባጃጅ ነው። አትሳቁ፤ ያንን አቀበት በእግራችሁ ብትወጡት ለመራመድ ጉልበት አይተርፋችሁም።

ከላይ መንደር ሙዝ ተሸክመው ወደ ገበያ የሚወርዱ እናቶች «አስተማሪ፣ ወዴት ነው?» ይሉኛል። «የትም» እላለሁ። አንዷ ቆም ብላ አየችኝና «እግዚአብሔር ይርዳህ» ብላኝ አለፈች። ከልቧ ነው ያዘነችልኝ።

መንገዱ ደግሞ ዳርና ዳሩ ኖራ በተቀባ ድንጋይ ተከቦ፣ ቀስት ተስሎለት ቀጥ ብሎ ይወጣል፤ ይወጣልና እኩሌታው ላይ ሲደርስ ፊት ለፊቱ ምንም ሳይኖር ወደ ግራ ይታጠፋል። አንድ ትልቅ ዋንዛ ሥር፣ ወገብ የሚደርስ ጠፍጣፋ ድንጋይ አለ፤ እሱን ዞሮ ተመልሶ ቀጥታው መንገድ ላይ ይገባል። ለምን? እዚያ በደረስኩ ቁጥር ደሜ ይፈላል። ለደም ብዛት በታዘዘ መንገድ! አንድ ቀን የአስተማሪነት እጄ አላስችል ብሎት፣ በሩ ላይ ባለው የአስተያየት መዝገብ «መንገዱ አላስፈላጊ መታጠፊያ አለው፤ ይስተካከል» ብዬ ጻፍኩ። ከሥሩም አሰመርኩበት።

አስተያየት የሚያነብ ቢሮ ይኖራል ብዬ መቼ ጠርጥሬ። በሳምንቱ አንዲት ወጣት መሐንዲስ ሜትር ይዛ፣ ዶማ የያዙ ሁለት ሠራተኞች አስከትላ መጣች። ዋንዛው ሥር ስደርስ የፓርኩ ጥበቃ ጋሽ ጴጥሮስ ድንጋዩ ላይ እግራቸውን አንጠልጥለው ተቀምጠው አልነሳም ብለዋል። ጋሽ ጴጥሮስ እዚሁ ተወልደው ያረጁ የአሪ ብሔረሰብ ሰው ናቸው፤ ሲቆጡ ያየ ሰው የለም።

«አባቴ፣ መንገዱን የመሩት እርስዎ ነዎት አሉ። ለምን እንዲህ አዞሩት?» አለች መሐንዲሷ።

«እኔ አላዞርኩም። የቢሮ ልጆች ‹ከታች እስከ ላይ ሂድ› አሉኝ፣ ሄድኩ። እነሱ ከኋላዬ ኖራ አፈሰሱ። እግሬ የሚያውቀው ይሄን ነው።»

ከዚያ ድንጋዩን በመዳፋቸው እየዳበሱ ነገሩን። ባለቤታቸው ማርታ ቅዳሜ ቅዳሜ ሙዝ ተሸክመው ሲወርዱ ትንፋሽ የሚሰበስቡት እዚህ ነበር። ሸክም መሬት ካስቀመጡት መልሶ የሚያሸክም ሰው ይፈልጋል። ስለዚህ ጋሽ ጴጥሮስ በተጋቡ በዓመቱ ይህን ድንጋይ ከወንዝ ጎትተው አምጥተው በማርታ ወገብ ልክ አቆሙት። ማርታ ቆመው ያሳርፋሉ፣ ቆመው ይነሳሉ፤ ማንንም አይለምኑም። ከሞቱ ሁለት ክረምት አልፏል።

«ይስተካከል ያለው ማን ነው?» ብለው ጠየቁ።

መሐንዲሷ ስልኳን ከፍታ የመዝገቡን ፎቶ መፈለግ ጀመረች። እኔ የዋንዛውን ቅጠል አየሁ። አላስቻለኝም፤ «እኔ ነኝ» አልኩ። እንዲያ አፍሬ አላውቅም። ጋሽ ጴጥሮስ አልተቆጡም፤ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

«አንተ እዚህ ስትደርስ አይደክምህም?» አሉኝ። አንቱታ አያውቁም፤ ከንቲባውንም አንተ ነው የሚሉት።

«ይደክመኛል።»

«ታዲያ ምኑ ነው ያላስፈለገህ?»

ወርጄ መዝገቡ ላይ «መታጠፊያው እጅግ አስፈላጊ ነው» ብዬ ጻፍኩ፤ አሁንም አሰመርኩበት። መሐንዲሷ ሠራተኞቿን መለሰች። ለሪፖርቷ ግን ምክንያት ያስፈልጋት ስለነበር፣ ዋንዛው ሥር «የእይታ ቦታ» የሚል ሰሌዳ ተተከለ። ከዚያ ሆኖ ከዋንዛው ግንድ በቀር የሚታይ ነገር የለም። እንግዶች ግን ቆመው ያያሉ፤ ፎቶም ያነሳሉ።

ትናንት ደክሞኝ እዚያ ደረስኩ። ጋሽ ጴጥሮስ ድንጋዩ ላይ ነበሩ። ከጎናቸው ባለው ባዶ ቦታ ልቀመጥ ስል በእጃቸው ገታ አደረጉኝ።

«በወዲያ በኩል ሁን» አሉኝ ቀስ ብለው። «እዚህ ጋ ማርታ ሸክሟን ታሳርፋለች።»

ዞሬ በወዲያ በኩል ተቀመጥኩ።