የጎተራው እባብና የኦቦ ጫሊ ዘመቻ

በዘመነ ማርቆስ፣ የቆርቆሮው ጎተራ በቆመ በሦስተኛው ዓመት፣ በወርኃ ሐምሌ በአራተኛው ዕለት፣ ስንዴ በሚዘራበት ማለዳ፣ በሮቤ ዳርቻ የሚኖሩት ኦቦ ጫሊ፣ መኰንነ ሥርናይ፣ ይኸውም የስንዴ ሹም፣ ዘር ሊያወጡ ወደ ጎተራቸው ገቡ፤ ከገቡበትም ፍጥነት በበለጠ ፍጥነት ወጡ፤ በዘሩ ጆንያ ላይ ቡናማ እባብ ተጠቅልሎ አይጥ ይውጥ ነበርና። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባላል፤ እርሳቸው ግን እባብ ሳያዩም ከልጥ የሚሸሹ ነበሩ።

ወሬው በተሰማ ጊዜ ሠራዊት ተከተተ፦ ጡረተኛው ጸሐፊ ጋሽ ኃይለልዑል ከነከዘራቸው፣ ሁለት የባጃጅ ሾፌሮች ከነአካፋቸው፣ አንድ ልብስ ሰፊ ከነመቀሱ፣ ሦስት ውሾችም ከነጩኸታቸው። ጋሽ ኃይለልዑልም ጎተራው ናፍጣ ይርከፍከፍበት ብለው መከሩ፤ ይህ ቢሆን ኖሮ ከእባቡ ጋር የዓመቱ ዘር ባለቀ ነበር። የጫሊ ባለቤት ወይዘሮ ጁሀራ ግን የእባቡን ፎቶ አንስተው ለግብርና ባለሙያዋ ለረድኤት በቴሌግራም ላኩ። ረድኤትም መርዝ የለውም፣ በመጥረጊያ ቀስ አድርጋችሁ ባልዲ ውስጥ አስገቡትና ማሳው ዳር ካለው የድንጋይ ካብ ልቀቁት፣ እኔም እየመጣሁ ነው ስትል መለሰች።

ያን ጊዜ ጁሀራ ባላቸውን አዩ፤ ሠራዊቱም ጫሊን አየ፤ ጫሊም ወደ ጎባ ተራሮች አዩ፤ ከዚያ ግን የመጣ ሰው አልነበረም። ስለዚህ ቦት ጫማቸውን አጥልቀው፣ ቢስሚላህ ብለው ገቡ፤ እባቡንም በመጥረጊያ እየገፉ ባልዲው ውስጥ ከተቱት፤ ክዳኑን ሲገጥሙ ግን አውራ ጣታቸውን ነከሳቸው።

ጫሊም ጆንያው ላይ ተቀምጠው ሞትን ጠበቁ። ሠራዊቱም አብሯቸው ጠበቀ። ጋሽ ኃይለልዑል ስለ ሟቹ ደግነት ብዙ ተናገሩ፤ ጫሊም እየሰሙ ለራሳቸው አዘኑ። ረድኤት በሞተር ብስክሌት ደርሳ፣ የእሾህ ጭረት የምታህለውን ቁስል በሳሙና አጠበች። ግማሽ ሰዓት አለፈ፤ ሞት ቀረ፤ ረሃብ መጣ።

«ጁሀራ፣ ምሳ አልደረሰም እንዴ?» አሉ።

ሠራዊቱ በሳቅ ወደቀ። ጫሊም ተነሥተው ዐዋጅ ነገሩ፦ «ያልሰማህ ስማ! ይህ እባብ ዘሬን ከአይጥ ጠብቋል። እርሱን የነካ እኔን ነካ።» ባልዲውንም ተሸክመው፣ ሠራዊቱን አስከትለው፣ ውሾቹን ከኋላ አድርገው እስከ ካቡ ዘመቱ፤ እባቡም ምስጋና ሳያቀርብ በድንጋዮቹ መካከል ገባ።

እነሆ፣ ዝናቸው እስከ ጎሮ ገበያ ተሰማ። አባቶቻቸው አዳኝ የተባሉት ገድለው ነበር፤ ኦቦ ጫሊ ግን፣ ጣታቸው ይባረክ፣ ሳይገድሉ አዳኝ ተባሉ።