ዶክተር ማጀቢያ

ሰው ሁሉ ፊልም በዓይኑ ያያል፤ አንዳንዱ ግን በጆሮው ነው የሚያየው። ይህ ሁለተኛው ዓይነት ሰው በየቤተሰቡ አንድ አይጠፋም። ምልክቱም ቀላል ነው፤ ፊልሙን እንዴት እንዳገኘው ስትጠይቁት ማን እንደ ሞተ፣ ማን ማንን እንዳገባ አያውቅም። «ባቡሩ ሲገለበጥ ዋሽንቷ ከየት እንደ ገባች ሰማችሁ?» ይላችኋል። ባቡሩ መገልበጡን ራሱ የተረዳው ከዋሽንቷ ነው።

ከእነዚህ ሰዎች ሁሉ የከበሩት አንድ የጥርስ ሐኪም ናቸው። እውነተኛ ስማቸውን የሚያስታውሰው የክሊኒካቸው በር ላይ የተሰቀለው ሰሌዳ ብቻ ነው፤ ሰፈሩ የሚያውቃቸው «ዶክተር ማጀቢያ» ብሎ ነው። የፊልም ማጀቢያ ሙዚቃ ሲሰሙ ዓይናቸው ይከደናል፣ አገጫቸው ከፍ ይላል፣ ቀኝ እጃቸው አየሩን መቅዘፍ ይጀምራል። ችግሩ፣ ብዙ ጊዜ እዚያ እጅ ላይ መሰርሰሪያ መኖሩ ነው።

ይህን ከማንም በላይ የምታውቀው አብራቸው የምትሠራው ነርስ ናት። ታካሚው ሁሉ «ሲስተር» ይላታል። ሲስተር ሥራ ስትጀምር የፊልም ሙዚቃ ሠሪ እንዳለው እንኳ አስባ አታውቅም ነበር፤ ከፊልሙ ጋር አብሮ የሚበቅል ነበር የሚመስላት። ይህንኑ ተሳስታ ለዶክተሩ ነገረቻቸው። ዶክተሩ የታካሚውን አፍ እንደ ተከፈተ ትተው ወንበር ስበው ተቀመጡ።

«አብሮ የሚበቅል?» አሉ ደረታቸውን ይዘው። «ሲስተር! ከሰው ጋር ጥርስ እንኳ አብሮ አይወለድም!»

ከዚያች ቀን ጀምሮ ክሊኒኩ ትምህርት ቤት ሆነ። ዶክተሩ የሚወዷቸውን አቀናባሪዎች በስማቸው አይጠሩም፤ እንደ ዘመድ በቅጽል ነው የሚያነሷቸው። ከሁሉ በላይ «ሽማግሌው» አሉ፤ አንዲት መበለት በር ስትዘጋ ለማሳየት አንድ ሻለቃ ቫዮሊን የሚያሰልፉ። ቀጥሎ «ባለ ዋሽንቱ» አለ። «እሱ እንደ ወንድሜ ነው፤ ሆደ ቡቡ ነው» ይላሉ፤ ወንድም የሚባል ኖሯቸው አያውቅም። «ከበሮ ደብዳቢው» ከተነሣ ግን ደማቸው ይፈላል። «በር ሲንኳኳ ከበሮ! ሻይ ሲቀዳ ከበሮ! ሰውየው ጆሯችን ምን በድሎት ነው?»

ባለቤታቸው አብራቸው ሲኒማ ቤት መግባት ካቆመች ቆይታለች። የመጨረሻውን ጊዜ ለሲስተር ስታጫውታት ሳቅና ለቅሶ ይቀላቀልባታል። ፊልሙ ላይ አንዲት እናት ልጇን አጥታ አዳራሹ በሙሉ ሲነፋረቅ፣ ዶክተሩ በጨለማው ውስጥ ብድግ ብለው «ቼሎው ነው! ያስለቀሳችሁ ቼሎው ነው፣ እናትየዋ አይደለችም!» ብለው ጮኹ። ከኋላ አንድ ሰው በለቅሶ በተደፈነ አፍንጫው፣ «ጌታዬ፣ ቁጭ ይበሉልን፤ ማንም ያስለቅሰን ማን፣ እናልቅስበት!» አላቸው። ፊልሙ ካለቀ በኋላም የሠራተኞቹ ስም በሙሉ እስኪያልፍ ንቅንቅ አይሉም። ጽዳት ሠራተኛዋ መጥረጊያዋን በእግራቸው ሥር ስታስገባ፣ «ቆይ እናቴ፣ ጥሩንባ ነፊዎቹ ገና አላለፉም» ይሏታል።

ይህ ሁሉ ሲኒማ ቤት ቢቀር ማን ይጠላ ነበር? በክሊኒካቸው ግን እያንዳንዱ ጥርስ የራሱ ሙዚቃ አለው። ለፊት ጥርስ የፍቅር ፊልም፣ ለክራንቻ የአውሬ፣ ለመንጋጋ የጦርነት። ነገሩ ሥር ላይ ከደረሰ መርከብ ይሰጥማል። እጃቸው ወርቅ ነው፤ ይህን ጠላትም አይክድም። ታካሚው ግን ጥርሱ ከመነቀሉ በፊት ልቡ ይነቀላል።

አንዲት አስተማሪ ጥርሷን ልታሳጥብ ብቻ መጥታ ነበር። ዶክተሩ ሳያስቡት የነፍሰ ገዳይ ፊልም ሙዚቃ ከፈቱ፤ ያንን ቫዮሊኑ እንደ ቢላዋ የሚፋጭበትን። አስተማሪዋ አንገቷ ላይ የታሰረላትን ጨርቅ እንዳደረገች ከወንበሩ ዘላ ወረደችና ደረጃውን በሩጫ ጨረሰችው። እሷም ጨርቁም እስከ ዛሬ አልተመለሱም። ዶክተሩ በመስኮት ሲያዩአት ፊታቸው በራ።

«ደግ አደረገች» አሉ።

«ኧረ ዶክተር፣ ምኑ ነው ደግ?»

«አላየሽም እንዴ? ልክ ጥሩንባው ሲገባ ነው ብድግ ያለችው። ልጅቷ ጆሮ አላት!»

አንድ ቀን ጠዋት ደግሞ ሲስተር ስትገባ ዶክተሩ ከላይ እስከ ታች ጥቁር ለብሰው መጠበቂያ ክፍሉ ውስጥ ኩርምት ብለዋል።

«ሽማግሌው አረፉ» አሏት።

አባታቸው መስለዋት እሪ ልትል አፏን ከፈተች፤ ከዚያ አባታቸው ከሞቱ ዓመታት ማለፋቸው ትዝ አላትና ዘጋችው። ታካሚዎቹ ግን ይህን ከየት ያውቃሉ? እየገቡ «እግዜር ያጥናዎት» እያሉ በተርታ ተቀመጡ። ጉንጩ ያበጠ አንድ ጡረተኛ ወደ ዶክተሩ ጠጋ አለ።

«ምንዎ ነበሩ?»

«አቀናባሪዬ።»

ጡረተኛው ቃሉን ምናልባት የሥጋ ዝምድና ነው ብሎ ራሱን በሐዘን ነቀነቀ። «ታመው ነው ወይስ ድንገት?»

«እኔ እንጃ። ተገናኝተን አናውቅም።»

ጡረተኛው ተነሥቶ እንዳይሄድ ጥርሱ ቀስፎ ይዞታል። ስለዚህ አማራጭ አልነበረውም፤ አብሯቸው አዘነ። ወደ ማታ ላይ ለሽማግሌው እንባ ማፍሰሱን ሲስተር በዓይኗ አይታለች፤ ሐዘኑ ይሁን ጥርሱ እስካሁን አልተለየም።

እንዲህ እንዲህ እያለ ታካሚው መመናመን ጀመረ። የክሊኒኩ ግማሽ ድርሻ የታላቅ እህታቸው ነው። እህትየው ጡረታ የወጡ የትምህርት ቤት ዲሬክተር ናቸው፤ ዶክተሩ «እትዬ» ብለው ሲጠሯቸው ድምፃቸው ወደ ልጅነቱ ይመለሳል። እትዬ አንድ ቀን ሳይታሰቡ መጡ። መጠበቂያ ክፍሉ ውስጥ ያገኙት አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እሱም የገባው ዝናብ ሊጠለል ነው።

«ይሄ የሚጮኸው ምንድን ነው?» አሉ።

«መርከቡ እየሰጠመ ነው፣ እትዬ። የባለ ዋሽንቱ ሥራ።»

«የሚሰጥመውስ ክሊኒኩ ነው!» እትዬ ድምፅ ማጉያውን ከነገመዱ ነቅለው እንደ ዶሮ በብብታቸው ሸጎጡት። «ስማ አንተ! ከዛሬ ጀምሮ እዚህ ቤት ሙዚቃ የሚባል ከሰማሁ ድርሻዬን ሸጬ እገላገላለሁ። የሚገዛው ደግሞ ሥጋ ቤት እንኳ ቢያደርገው ግድ የለኝም። ጨረስኩ።»

ዶክተሩ አልተከራከሩም። እትዬን የተከራከረ ሰው በሕይወት የለም።

ክሊኒኩ ጸጥ አለ። ሲስተር መጀመሪያ ላይ እፎይ ብላ ነበር። ግን ዝምታው እየዋለ ሲያድር የራሱን ጉድ አመጣ። ጉጠቱ ትሪው ላይ ሲቀመጥ የእስር ቤት በር የተዘጋ ይመስላል። መሰርሰሪያው ሲዞር የታካሚው የልብ ምት ሳይቀር ይሰማል። ዶክተሩ ራሳቸው ሟሸሹ፤ ጥርስ ሲሞሉ ግድግዳ የሚለስኑ እንጂ የሚያክሙ አይመስሉም ነበር። እጃቸውም መቅዘፉን ትቶ ወደ ታች ተንጠለጠለ።

በዚህ መሐል ነው ከመንገዱ ማዶ ያለው አዲሱ የጥርስ ክሊኒክ ሐኪም ለሲስተር የደወሉላት። ጥሩ ደሞዝ፣ አዲስ ዕቃ፣ ሰው የማይጮህበት ቦታ። «አስቤበት ልንገርዎት» አለቻቸው፤ በልቧ ግን ጓዟን ጠቅልላ ጨርሳለች። ለዶክተሩ እንዴት እንደምትነግራቸው መስተዋት ፊት ቆማ ተለማመደች። መስተዋቱ ውስጥ ያለችው ሲስተር ግን ሁልጊዜ ቀድማ ታለቅስባት ነበር።

ልትነግራቸው በቆረጠችበት ቀን እትዬ ለቁጥጥር መጡና ሹራባቸውን እየሠሩ መጠበቂያ ክፍሉ ውስጥ ተቀመጡ። ወዲያው አንድ የከባድ መኪና ሹፌር ገባ። ትከሻው በሩን ሞላው፤ ጉንጩ ደግሞ የቀረውን። መንጋጋው መግል ቋጥሯል፤ ዛሬ ካልተነቀለ ነገ ሌላ መዘዝ ነው። ሰውየው ወንበሩ ላይ ተጋደመ፣ የወንበሩን እጀታ እንደ መሪ ጨበጠ፣ አፉን ግጥም አድርጎ ዘጋ።

«ወንድሜ፣ እስቲ ክፈትልኝ» አሉት ዶክተሩ።

«አልከፍትም» አለ በተዘጋ ጥርሱ መሐል።

«ታዲያ ለምን መጣህ?»

«አሞኝ ነዋ! ዶክተር፣ እኔ ፍሬኑ በተበጠሰ መኪና ቁልቁለት ወርጃለሁ። ያን ቀን እንኳ አልፈራሁም። ይሄንን ግን አልችልም።»

ለመኑት፣ ተቆጡት፣ ስለ ልጆቹ ጠየቁት፤ ወይ ፍንክች። ዶክተሩ ግራ ገባቸውና ጉጠቱን ይዘው ቆሙ። ያኔ ከአፍ መሸፈኛቸው ሥር አንድ ነገር መውጣት ጀመረ። ማንጎራጎር ነበር፤ ቀስ ያለ፣ ዝቅ ያለ፣ ሽማግሌው መርከበኛው ወደ ቤቱ ለሚመለስበት ትዕይንት የሠሩት። ዶክተሩ ማንጎራጎራቸውን ያወቁ አይመስሉም።

መጠበቂያ ክፍሉ ውስጥ የሹራብ መሥሪያው ኪሮሽ ቀጥ አለ።

«ዶክተር!» አለች ሲስተር በሹክሹክታ። «እትዬ!»

ዶክተሩ ደንግጠው አቆሙ። በዚያች ቅጽበት ትንሽ ተከፍቶ የነበረው የሹፌሩ አፍ እንደ ጋራዥ በር ግጥም አለ። መልሰው ጀመሩ፤ ተከፈተ። አቆሙ፤ ተዘጋ። አንድ ጊዜ ወደ በሩ፣ አንድ ጊዜ ወደ መንጋጋው ተመለከቱ። ሲስተር እንዲህ ያለ ፊት አይታ አታውቅም፤ ክሊኒኩን በአንድ ጥርስ ይለውጥ አይለውጥ የሚመዝን ሰው ፊት ነበር። ከዚያ ትንፋሻቸውን ስበው ዜማውን ከመጀመሪያው አነሡት። አፉ ወለል አለ። ማደንዘዣው ተወጋ።

«ሲስተር፣ ብቻዬን አልችለውም» አሉ ጉጠቱን እያነሡ። «ስስብ ትንፋሼ ይቆረጣል። ሁለተኛ ቫዮሊን ሆነሽ ግቢ።»

«እኔ? እኔ እኮ አላውቀውም!»

«ግቢ አልኩሽ!»

ገባች። እንዴት እንደ ገባች አታውቅም። ዜማው ከሆዷ ውስጥ ተጣጥፎ የተቀመጠ ይመስል ሳይዛነፍ ወጣ፤ የት እንደሚነሣ፣ የት እንደሚሰበር፣ የት ላይ ትንፋሽ እንደሚወሰድ አንድም አልሳተችም። ያን ሁሉ ጊዜ ጆሮዬን ደፍኛለሁ ስትል፣ ለካ ጆሮዋ ደብቋት ሲማር ኖሯል።

በሩ ተከፈተ። እትዬ ኪሮሻቸውን እንደ አርጩሜ ይዘው ቆመዋል። ዶክተሩ በዓይናቸው ለመኗቸው እንጂ ማቆም አልቻሉም፤ ጉጠቱ ጥርሱን ነክሷል፣ ጥርሱ ደግሞ አጥንቱን። ዜማው እየናረ ሄደ። ሽማግሌው ግን እዚህ ላይ መርከቡ ወደብ ሲደርስ ከበሮ አስገብተዋል፤ ያለ ከበሮ ወደ ፊት የሚያልፍ መንገድ የለውም። ሁለቱም የሚመቱበት እጅ የላቸውም። ዶክተሩና ሲስተር ያቺን አንዲት ቦታ እየደጋገሙ ተንጠለጠሉ፤ ሹፌሩም አብሯቸው በጉሮሮው አጓራ።

እትዬ ተማሪ ሊያባርሩ ሲሉ የሚያሳዩትን ፊት አሳዩ። ወደ ትሪው ተራመዱ። ኪሮሹን አነሡና ብረቱን መቱት። ድው! ደግመው መቱት። ድው! ድው!

መንጋጋው ወጣ።

ሹፌሩ ጥጥ ነክሶ እንባው በጆሮው ሥር እየወረደ ወደ ዶክተሩ ዞረ።

«ማን ነው የሠራው?»

«እኔ ነኝ፣ ወንድሜ። ከነሥሩ ነው የወጣልህ።»

«ጥርሱን አላልኩም። ዜማውን።»

ዶክተሩን በዕድሜያቸው ይህንን ጥያቄ ጠይቋቸው የሚያውቅ ሰው አልነበረም፤ ሁልጊዜ ሳይጠየቁ ነው የሚመልሱት። የአፍ መሸፈኛቸው ከላይ በኩል ራሰ። ከዚያ መለስ አለላቸውና ወንበር ስበው ስለ ሽማግሌው ማውራት ጀመሩ። ማደንዘዣው ለቆት፣ ሕመሙ መጥቶ፣ ሕመሙም ሰልችቶት ሲሄድ ሹፌሩ እዚያው ተጋድሞ «እሺ፣ ከዚያስ?» ይል ነበር።

እትዬ ሹራባቸውን ጠቅልለው ሲወጡ በሩ ላይ ዘወር አሉ።

«ማጉያው ቤት ነው ያለው» አሉ ማንንም ሳያዩ። «ድመቷ ተኝታበታለች። ስትነሣ እልክላችኋለሁ። ግን አሳንሱት! ደግሞም ከበሮው ትንሽ የዘገየብኝ ቦታውን ሳላውቀው ቀርቼ አይደለም።»

በማግስቱ ከመንገዱ ማዶ ያሉት ሐኪም ለሲስተር ደወሉ።

«እንግዲህ ሰኞ እንጠብቅሽ?»

«አንድ ነገር ልጠይቅዎት፣ ዶክተር። እናንተ ጋ ጥርስ ሲነቀል ምንድን ነው የሚሰማው?»

ሐኪሙ ግራ ተጋቡ። «ምን ይሰማል? ጥርሱ ነዋ።»

«ብቻውን?»

«አዎ፣ ብቻውን።»

«ውይ፣ ምስኪን» አለች ሲስተር ከልቧ አዝና። «ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ እኔ እንዲህ ያለ ጭካኔ አልችልም።»