ለካፒቴኑ እጅ ያልሆነው እጀታ

ለማንም እጅ የማይሆን እጀታ ለማን ተብሎ ይሠራል?

ይህን ጥያቄ ከልጅነቴ ጀምሮ ይዤው ኖሬያለሁ። ሰው ስለ ሕይወትና ስለ ሞት ይጠይቃል፤ እኔ ስለ እጀታ። ምን ላድርግ? ዓይን አፋር ሰው ትልልቁን ጥያቄ ለደፋሮች ትቶ ትንሿን ይዞ ጥግ ላይ ይቀመጣል።

ነገሩ እንዲህ ነው። አዘዞ ባለው ቤታችን፣ ከበሩ በላይ፣ ሁለት ሚስማር ላይ የተጋደመ የዓሣ ማጥመጃ ዘንግ አለ። ጫፉ ከባሕር ማዶ የመጣ ቀጭን ሸንበቆ ነው፤ ሲነኩት ይርገበገባል። ታቹ ግን የወይራ እጀታ ነው። እጀታ ማለቴ ለክብሩ ነው እንጂ ዘነዘና ቢሉት ይቀርበዋል። ልጅ ሆኜ በሁለት እጄ ባቅፈው እንኳ ጣቶቼ አይገናኙም ነበር። አባቴም ሞክሮታል፤ አልሆነውም። አንድ ጊዜ ግድንግድ ጎረቤታችን አውርዶ ጨበጠውና፣ ይኼ የሰው ነው የዝሆን? ብሎ መልሶ ሰቀለው። የማን ነው ብዬ ስጠይቅ መልሱ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «ተይው፣ የአያ ገላዬ ነው።»

አያ ገላዬ የአባቴ አያት ናቸው። አላውቃቸውም። ሳልወለድ ነው የሞቱት።

አሁን ወደ እኔ እንምጣ። ዩኒቨርሲቲ ጨርሼ ሥራ ይዣለሁ። የሥራ ባልደረቦቼ ቅዳሜ ቅዳሜ ጣና ዳር ጎርጎራ እየወረዱ ዓሣ ያጠምዳሉ። እኔም አብሬ እሄዳለሁ። እነሱ ዓሣ ያጠምዳሉ፣ እኔ ዛፍ ሥር መጽሐፍ አነባለሁ። ነይ አላሉኝም እንዳልል ብለውኛል። እኔ ነኝ ገጹን ልጨርስ እያልኩ ምዕራፉን የምጨርሰው። ባለፈው ክረምት ግን ቆረጥኩ፤ የራሴ ዘንግ ይኖረኛል!

እንደኔ ያለ ሰው ዓሣ ከመንካቱ በፊት ስለ ዓሣ ያነባል። አነበብኩ። የዘንግ ነገር ሁሉ የሚጀምረው ከእጀታው ልክ ነው ይላል ያነበብኩት። ሲጨብጡት የጣት ጫፍ መዳፍን ነካ ማድረግ አለበት። ከወፈረ እጅ ያዝላል፣ ከቀጠነ ይሽከረከራል። ከመዳፍ ወደ ኋላ ያለው ደግሞ ክርን ላይ ሲደርስ ማለቅ አለበት። ካለፈ ልብስ ይይዛል፣ ጎን ይወጋል። አያቶቻችን ይህን ሁሉ ሳያነቡ «ካያያዝ ይቀደዳል» ብለው ጨርሰውታል።

ታዲያ ወይራ ቤቴ ተሰቅሎ ሳለ አዲስ እንጨት ምን ያደርግልኛል? ከአዘዞ ወረድ ብሎ ፀዳ ከተማ አያ ሞላ የሚባሉ እንጨት ጠራቢ አሉ። አሳየኋቸው። እንጨቱስ ሸጋ ነው፣ ለእጅሽ ልክ አድርጌ እፈቀፍቀዋለሁ አሉኝ። ደስ ብሎኝ የአያ ገላዬን የመጨረሻ ልጅ፣ የአባቴን አክስት እትዬ ስንዱን ላስፈቅድ ሄድኩ። እትዬ ምስር ይለቅማሉ። ነገርኳቸው። ሰፌዱን አስቀመጡት።

«ልታስፈቀፍቂው? አንቺን የወለደሽን?»

እርጅና ነው አልኩ በልቤ። እርጅና አልነበረም። ቁጭ በይ አሉኝና በጣልያን ጊዜ የሆነውን ነገሩኝ። እኔም እንደሰማሁት ላውጋችሁ። ያኔ ሁሉም ከእኔ ብዙ የማይበልጡ ወጣቶች ነበሩና «እሱ»፣ «እሷ» ማለቴን ነፍሳቸው ይቅር ትበለኝ።

ገላዬ በአዘዞ የታወቀው በክንዱ ነበር። በጀግንነት ማለቴ አይደለም፤ በርዝመት ነው። ያኔ አቡጀዲ የሚገዛው በክንድ ነው። በማን ክንድ? ነገሩ እዚህ ላይ ነው። ብልህ ገዢ ገበያ ሲወጣ ክንደ ረጅም ዘመድ ይዞ ይወጣል። ገላዬ ዘመድ ያልሆነው ሰው አልነበረም። ሰርግ የደገሰ ሁሉ ይጠራዋል፤ ነጋዴ ደግሞ ገና ከሩቅ ሲያየው ጨርቁን ያጣጥፋል።

ይህ ሰው ታሰረ። ለአርበኛ ስንቅ አቀብለሃል ተባለ። አቀብሎ ነበር ወይ? አልኳቸው እትዬን። «ያ ክንድ ሳያቀብል ይቀራል?» አሉኝ። በዚያን ሰሞን ከእስር ቤቱ ማኪና እየጫነች የምትወስደው ሰው ነበር። ወዴት እንደምትወስድ የሚያውቅ የለም። የተመለሰ ግን አልታየም። ሚስቱ ውድነሽ ገና ሙሽራ ናት። ልጅ አልወለዱም። ይህችን ያዙልኝ።

የጦር ሰፈሩ አዛዥ አንድ የጣልያን ካፒቴን ነበር፤ አጠር ያለ፣ እጆቹ የሕፃን የሚመስሉ። መገጭ ወንዝ ዳር ዓሣ ማጥመድ ይወዳል። አንድ ቀን በቅሎው የዘንጉን እጀታ ረግጣ ሰባበረችው። (በቅሎዋንም አመሰግናለሁ።) አስተርጓሚውን ልኮ አዲስ እጀታ እንዲሠራለት የውድነሽን ወንድም መርሻን አዘዘው። መርሻ የካህናት መቋሚያ ጠራቢ ነበር፤ እጁ ወርቅ፣ አፉ ነጋሪት። ውድነሽ አስተርጓሚውን ተከትላ ወጣችና እግሩ ላይ ወደቀች። ሰውዬውም ክፉ አልነበረም። ካፒቴኑ እጀታውን ከወደደው የባልሽን ነገር ጆሮው ላይ ጣል አደርግልሻለሁ አላት። የባሏ ነፍስ እጀታው ላይ ተንጠለጠለች ማለት ነው።

ትእዛዙ ምን ይላል? ኋላው አንድ ክንድ፣ ውፍረቱ አንድ ጭብጥ። በማን ክንድ? በማን ጭብጥ? አስተርጓሚው አልነገረ፣ መርሻ አልጠየቀ። ጣልያኑን እጅህን አምጣ ልለካህ የሚለውስ ማነው?

«የኔ ክንድ እንደሆነ አይረባም» አለ መርሻ፤ እሱም ድንክ ቢጤ ነበር። «ለመንግሥት አሳጥሬ ሰጥቼ ልሰቀል? አጭር ለክቶ ከመታሰር ረጅም ለክቶ መመረቅ ይሻላል።»

«እና በማን ይለካ?» አለች ውድነሽ።

ተያዩ። የአዘዞ ረጅሙ ክንድ እስር ቤት ነው ያለው።

በማግስቱ ውድነሽ በአገልግል ምሳ፣ በጉያዋ ፈትል ይዛ ሄደች። ገላዬ እንጀራውን ሊቀበል በፍርግርጉ ክንዱን ሲያወጣ ያዝ አድርጋ በፈትሉ ትለካው ጀመር። ገላዬ አመድ መሰለ። በእኛ አገር በቁሙ የሚለካ ሰው ምን እንደሚጠብቀው ይታወቃል።

«ምነው ውዴ፣ ፈረዱብኝ እንዴ? ለሳጥን ነው የምትለኪኝ?»

«ለሳጥን ቢሆን ቁመትህን እንጂ መዳፍህን ምን ያደርግልኛል? ዝም ብለህ ዘርጋ!»

ዘበኛው መጣ። ምን እየሠራሽ ነው? አላት። ለዓሣ ነው አለችው። «ዓሣ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው እጅ ያወጣ!» ብሎ ትቷት ሄደ። እብድ ናት ብሎ ነው መሰለኝ። እሷም ክርኑ ላይ ቋጠሮ፣ መዳፉ ላይ ቋጠሮ አድርጋ ይዛ ወጣች።

መርሻ ጠረበ። እንደ መቋሚያ አለሰለሰ፣ ቅቤ አጠጣ። እንዲህ ያለ እጀታ ሮማም የለ እያለ መንደሩን አደነቆረ። ቀኑ ሲደርስ እህትና ወንድም ይዘው መገጭ ወረዱ። ካፒቴኑ ተቀበለ። ጨበጠ። ጣቶቹ ግማሽ መንገድ ላይ ቀሩ። ወደ ኋላ ሲያነሣው የእጀታው ጭራ የጎን አጥንቱን ወጋው። ሲወረውር ቀበቶው ውስጥ ተሰካና ዘንግ ያልያዘ፣ ዘንግ የያዘው ሰው ሆነ። ወታደሮቹ ወንዙን ያዩ ጀመር። ለመሳቅ የፈራ ሰው ወንዝ ማየት ይወዳል።

ካፒቴኑ ጮኸ። አስተርጓሚው ላብ በላብ ሆኖ፣ በእሳቸው ለማላገጥ ነው ወይ? ይህን ለማን ነው የሠራችሁት? ይላሉ አለ። ያ ነጋሪት መርሻ ድምፁ ጠፋ። ውድነሽ ናት የተናገረችው።

«ጌታዬ፣ በባሌ ክንድ ነው የተለካው። ለመንግሥት አሳንሰን እንዳንሰጥ ብለን ነው። ከሱ የረዘመ በአዘዞ የለም። እሱም እርስዎ ዘንድ ታስሯል።»

ካፒቴኑ አላመነም። እንዲህ ያለ ክንድ ካለ አምጡት፣ ከሌለ ግን ወንድምዬውም እዚያው ይግባ አለ። ገላዬን በሁለት ወታደር አመጡት። ምን እንደሆነ አያውቅም። ዘንጉን አስጨበጡት። እጀታው መዳፉን ሞላው፤ ጭራው ክርኑ ላይ ሲደርስ አለቀ። የጣት ጫፍ መዳፍ ነካ። መጽሐፉ እንዳለው!

ወርውር አሉት። ዕድሜውን ወርውሮ አያውቅም። ወረወረ። መንጠቆው ወንዙን ትቶ የካፒቴኑን ባርኔጣ ከራሱ ላይ ነጠቀና ወንዙ ዳር ያለ ሾላ ላይ ሰቀለው።

ካፒቴኑ ወደ ላይ አየ። ባርኔጣው ሩቅ ነው። ወታደሮቹ መሰላል እንፈልግ፣ ድንጋይ እንወርውር ይባባላሉ። ገላዬ ዘንጉን ለሚስቱ አስያዘና ክንዱን ዘረጋ፤ እግሩን እንኳ ሳያነሣ ባርኔጣውን አውርዶ፣ አራግፎ፣ ጎንበስ ብሎ ባለቤቱ ራስ ላይ መለሰው።

ያኔ ነው ካፒቴኑ የሳቀው። ይህ ሰው የትም አይሄድም፣ የእኔን ዘንግ ይይዛል አለ።

ማኪናዋ በሳምንቱ መጣች። ጭና ሄደች። ገላዬ ግን መገጭ ዳር ቆሞ አምባዛ ዓሣ እየጎተተ ነበር። አልተፈታም፤ ማታ ማታ እስር ቤት ያድራል። ነገር ግን በሕይወት አለ። ጣልያን ተሸንፎ ጎንደር ስትለቀቅ በእግሩ ቤቱ ገባ፣ ዘንጉንም ይዞ። ለማን ይተወው? ለማንም አይሆንም። ከዚያ አያቴ ተወለደ፣ ከዚያ እትዬ፣ ከዚያ አባቴ፣ በመጨረሻም መጽሐፌን ይዤ እኔ።

ካፒቴኑን ላመስግነው? አላመሰግነውም። ያሰረም እሱ ነው። እግዜር ሳይደግስ አይጣላም፤ ድግሱን ያቀረበበት ሰሃን ግን ያ ወይራ ነው። ስለዚህ እንጨቱን አመሰግናለሁ። ፈትሏን አመሰግናለሁ። ያልጠየቀውን መርሻን፣ ያልነገረውን አስተርጓሚ አመሰግናለሁ። ልክሽን እወቂ እየተባልኩ ያደግኩ ልጅ፣ ልኩን በሳተ እጀታ ምክንያት መወለዴን መስማት እንዴት እንደሚያሳርፍ ምን ብዬ ልንገራችሁ? እጀታው ለካፒቴኑ ልክ ቢሆን ኖሮ «ግሩም» ብሎ ብቻውን ያጠምድ ነበር። ማንንም አይጠራም ነበር።

ከእትዬ ቤት በቀጥታ ፀዳ ወረድኩ። አያ ሞላ መላጊያቸውን ስለው ይጠብቁኛል። አሮጌው አይነካም፣ አዲስ ይሥሩልኝ አልኳቸው።

«ሸጋ። በይ እጅሽን አምጪ» አሉና ክር አወጡ።

እጄን ከኋላዬ ደበቅኩ። «ከእኔ እጅ አተልቀው ይሥሩት።»

«ምን ያህል?»

«ብቻዬን ልይዘው እንዳልችል ያህል።»

አያ ሞላ ክሩን መልሰው ጠቀለሉት። ምነው ልጄ፣ ያን ሁሉ አንብበሽ? አሉኝ። አዎ፣ አንብቤ ነው አልኳቸው።

እንግዲህ ወስኛለሁ። የፊታችን ቅዳሜ ጎርጎራ ስወርድ መጽሐፌ ቤት ይቀራል። ዘነዘናዬን ይዤ ውኃው ዳር እቆማለሁ። አንድ ሁለቴ እታገላለሁ። ከዚያ ዞር ብዬ፣ ለማንም ብዬው የማላውቀውን ቃል እላለሁ፤ «ይቅርታ፣ ይህን ትይዝልኛለህ?»

ከባልደረቦቼ መካከል፣ እግረ መንገዴን ልንገራችሁ፣ አንዱ ክንዱ ረጅም ነው።