የጋሼ ቆይ እስቲ ሚዛን

የትም መሥሪያ ቤት ግቡ፣ የቆለፈውን በር ተመልሶ የሚገፋ አንድ ሰው አታጡም። ቆልፏል። ቁልፉን ኪሱ ከቷል። ደረጃውን ወርዷል። ከዚያ «ቆይ እስቲ» ይልና ሽቅብ ይመለሳል። በሩ እንደተቆለፈ ነው፤ ሰውየው ግን ከበሩ ሁለተኛ ምስክርነት ይሻል።

በአንድ የሚዛን ወርክሾፕ ውስጥ ይህን ማዕረግ የያዙት ክቡር ጋሼ ቆይ እስቲ ነበሩ። እውነተኛ ስማቸውን የምታውቀው ደመወዝ ከፋይዋ ብቻ ናት። ባለቤታቸው አንድ ቀን «ሾርባው ጨው በዝቶት እንደሆነ ቅመስልኝ» ብትላቸው ማሰሮው እስኪጋመስ ቀምሰው፣ «ኧረ በቃህ!» ብላ ማንኪያውን ነጥቃቸዋለች። «ደህና አደሩ?» ያላቸው ሰው ጉዱ ፈላ፤ «ከማክሰኞው ጋር ሳስተያየው…» ብለው ነው የሚጀምሩት። በሠርጋቸው ዕለት «ትወዳታለህ ወይ?» ሲባሉ ጣሪያ ጣሪያውን ማየታቸውን አማታቸው እስከ ዛሬ ይቅር አላሉም።

ከሰው ሁሉ ይልቅ በእሳቸው የምትቃጠለው አለቃቸው ነበረች፤ ሻይ እስኪበርድ መጠበቅ አቅቷት ምላሷ ሁሌም የተላጠ ሴት።

«ጋሼ፣ ይኼ ቺፕ ምን ይጎልተዋል?» አለች አንድ ቀን፣ ለጨቅላ ሕፃናት ክፍል የሚሠሩትን ሚዛን በጣቷ እያንኳኳች። «ሌሎቹ እኮ አንዴ አይተው ቁጥሩን ቁጭ ያደርጉታል!»

«አንዴ ያየማ አላየም፣ አለቃ።»

ያው ትምህርቱ ተጀመረ። ሲግማ ዴልታ የሚሉት ቺፕ፣ በጋሼ አነጋገር፣ አንድ ጥያቄ ብቻ የሚያውቅ ድርቅ ያለ ፍጡር ነው። ሕፃን ሲተኛበት ከሚዛኑ ሥር ያለው ሴንሰር የፀጉር ስንጣቂ ያህል ይጎብጥና ቅንጣት ኤሌክትሪክ ይልካል። ቺፑ «ስንት ነው?» አይልም። «በለጠ ወይስ አነሰ?» ይላል፤ መልሱም ከሁለቱ አንዱ ነው፣ ሌላ የለም። ታዲያ እያንዳንዱ መልስ ትንሽ መሳቱ አይቀርም። የሳታትን ቅንጣት ግን አይረሳትም፤ ቋጥሮ ይዟት ወደሚቀጥለው ጥያቄ ይሻገራል።

«ቂመኛ ነው፣ እንደ አማቴ» አሉ ጋሼ በኩራት። «አንዱን መልስ ለብቻው ብታይው ውሸት ነው። ዓይንሽን ጨፍነሽ እስክትገልጪ እልፍ ጊዜ ጠይቆ አማካዩን ሲወስድ ግን እውነቱ ቁልጭ ብሎ ይወጣል።»

«የክፍሉ መብራት፣ የማሞቂያው ሞተር ጫጫታስ አይረብሸውም?»

«ቤት ውስጥ ልጆች ሲያስቸግሩሽ ላይኛው ፎቅ ሰደሽ በሩን ትዘጊ የለ? እሱም ከራሱ መቁነጥነጥ የሚመጣውን ጫጫታ እንደዚያው ወደ ላይ፣ በጣም ፈጣን ወደሆነው ንዝረት ይገፋዋል፤ ከኋላው ያለው ማጣሪያ እዚያ ይቆርጠዋል። የመብራቱና የሞተሩም አብሮ ይወድቃል። ለእኛ ረጋ ያለው ክብደት ይቀራል። ችግሩ፣ ሕፃኑ ገና እንደተኛ ማጣሪያው ውስጥ ያለው መልስ የባዶው ሚዛን ነው። ቶሎ ካየሽው ባዶውንና ልጁን ቀላቅሎ ነው የሚነግርሽ። ስለዚህ እስኪረጋ ስክሪኑ ባዶ ይሁን።»

«ባዶ? ተበላሸ ብለው ሊመልሱልን? ቁጥሩ ከመጀመሪያው ይታይ!»

«ቆይ እስቲ…»

«ቆይ የለም!»

ቁጥሩ ከመጀመሪያው እንዲታይ ሆነ። በእሷ ብቻ መፍረድ ግን ግፍ ነው። እኛስ? ትክክለኛ መልስ ይዞ የዘገየውን ስንረግም፣ ፈጥኖ የቀጠፈውን ስንሾም አይደለም እንዴ የምንውለው?

ሚዛኑ ሕፃናት ክፍል የገባ ዕለት ሁለቱም አብረው ሄዱ። ለአለቃዋ ጉዳዩ የሥራ ብቻ አልነበረም፤ ያለ ጊዜዋ የተወለደችው የእህቷ ልጅ እዚያው ተኝታለች። ሐኪሙ፣ ከትናንቱ ከጨመረች ዛሬ ቤቷ ትግባ፣ ከቀነሰች ወደ ማሞቂያው ትመለስ ብሏል። እናትየው የአሻንጉሊት የምታክል ኮፍያ ይዛ ቆማለች።

ነርሷ ሕፃኗን አስተኛች፣ ቁጥሩን በዓይኗ ለቀም አደረገች፣ አነሳቻት።

«ቀንሳለች» አለች። «በጣም ነው የቀነሰችው።»

«እንዴት ትቀንሳለች? ስትጠባ አድራ?» እናትየው ኮፍያውን ጨመደደችው። የአለቃዋ ፊት አመድ መሰለ። ነርሷ ሕፃኗን ይዛ ወደ ማሞቂያው ስትዞር ጋሼ መሐል መንገዱ ላይ ተገትረው አገኘቻቸው።

«ሲስተር፣ መልሰሽ አስተኚያት።»

«አባቴ፣ ሌሎች ሕፃናት እየጠበቁኝ ነው እኮ!»

«ይጠብቁ። ያየሽው ቁጥር ገና መንገድ ላይ ነው።»

«ወዴት ነው የሚሄደው ደግሞ?»

«ከባዶው ወደ እሷ።»

ነርሷ የማይነቃነቅ ሰው መሆናቸውን ስታይ፣ በረጅሙ እየተነፈሰች መልሳ አስተኛቻት። ቁጥሩ ከታች ተነሳ። ወጣ። ሕፃኗ እግሯን ስትወረውር ተንገዳገደና እንደገና ወጣ። አለቃዋ የእህቷን ክንድ አጥብቃ ይዛ ስክሪኑ ላይ አፈጠጠች። ቁጥሩ እየተንፏቀቀ ትናንት የነበረችበት ደረሰ፣ አለፈው፣ ጥቂት ሄደና ቀጥ አለ።

«ጨምራለች!» አለች ነርሷ።

«ደግመሽ» አሉ ጋሼ።

ደገመች። ያው ነው። ሠለሰች። ያው ነው። አለቃዋ ወደ ጋሼ ጆሮ ተጠጋችና «ነገ ስክሪኑን ባዶ ያድርጉት» አለች በሹክሹክታ። «እስኪረጋ።»

እናትየው እንባዋን እየጠረገች ኮፍያዋን ለሕፃኗ አጠለቀችና ልጅቷን በጋሼ እጅ ላይ አኖረቻት። «እስቲ ይፍረዱ ጋሼ፣ እኔን ነው የምትመስለው ወይስ አክስቷን?»

ጋሼ መነጽራቸውን ወደ ላይ ገፍተው ወደ ብርሃኑ ጠጋ አሉ። ግራ ጉንጯን አዩ። ቀኙን አዩ። ወደ ግራው ተመለሱ። ታች፣ የጠሩት ታክሲ ክላክሱን ያንባርቃል። አለቃዋ ወደ መስኮቱ ሄደች፤ «ሂድ አንተ፣ ሌላ እንይዛለን!» ብላ ሾፌሩን አሰናበተችው፣ ወንበር ሳበችና ከጎናቸው ተቀመጠች።