«ሶሪ» እና ድንጋዩ

እግሩን ረግጣችሁት «ሶሪ» ስትሉት፣ የቃሉን የዘር ሐረግ ቆጥሮ የሚያስረዳችሁ ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔን ገጥሞኛል፤ ጎረቤቴ ነው። የምንኖረው አራዳ ነው፤ ዩኒቨርሲቲ እንግሊዝኛ ያስተምራል።

ባለፈው ሰኔ በማኪናው የአንድ ገበሬ፣ የአያ ታከለን በሬ ገጭቶ ገደለ። በሰኔ! በእርሻ ወቅት! ሽማግሌ ሆኜ ይዤው ከከተማችን ወጣ ብላ ወዳለችው ማክሰኝት ወረድኩ። መንገድ ላይ ደንቡን ነግሬዋለሁ፤ ድንጋይ ትከሻህ ላይ ታደርጋለህ፣ ጎንበስ ብለህ «አጥፍቻለሁ፣ ይቅር በሉኝ» ትላለህ፣ ድንጋዩን ያወርዱልሃል፣ አለቀ። ስንደርስም ቀለል ያለ ድንጋይ መርጬ እግሩ ሥር አስቀመጥኩለት።

ሰውዬው ድንጋዩን ተራምዶት አለፈና «ሶሪ» አለ።

«እሱ ደግሞ ምንድን ነው ልጄ?» አሉ አያ ታከለ።

ምነው ባልጠየቁ! ጉሮሮውን ጠረገ። ቃሉ በጥንቱ እንግሊዝኛ ከቁስል ጋር እንደሚዛመድ፣ መጀመሪያ «ሕመም የሞላበት» ማለት እንደነበር፣ ዛሬ ግን እግር ለረገጠም እንደሚያገለግል አስረዳ። ፀሐይዋ አናታችን ላይ ወጣች። እሱ ገና አናባቢው ላይ ነው።

አያ ታከለ ብድግ አሉ። ሊመቱት ነው ብዬ ክው አልኩ። እሳቸው ግን ድንጋዩን አንስተው ትከሻቸው ላይ አደረጉና ጎንበስ አሉ።

«የኔ ልጅ፣ አጥፍቻለሁ። ሁለተኛ አልጠይቅም፤ ይቅር በለኝ።»

እናንተዬ! በሬ የሞተባቸው እሳቸው!

ጎረቤቴ ምን ቢል ጥሩ ነው? ድንጋዩን እንኳ ሳያወርድላቸው «ኖ ፕሮብሌም» አላቸው።