የአቶ ምናሴ ሽቦ

ሬዲዮ አዳማጭ የሌለው ሰፈር የለም። ሬዲዮ የሚከፍትማ ሞልቷል፤ ለዘፈን የሚከፍት አለ፣ ለኳስ የሚከፍት አለ፣ እንቅልፍ እንዲወስደው ብቻ የሚከፍትም አለ። አዳማጭ ግን ሌላ ነው። አዳማጭ ማለት ማታ አንድ ሰዓት ሲሆን የገዛ ልጁ ሠርግ ላይ ቢሆን እንኳ ከሙሽሮቹ አጠገብ ተነስቶ የባሕር ማዶውን ጣቢያ ፍለጋ የሚወጣ ሰው ነው። ባሕር ዳር፣ ሹም አቦ፣ ከኪዲ ሱቅ ጀርባ ባለው ቅያስ ይህን ሹመት የያዙት ክቡር አቶ ምናሴ ናቸው። የሾማቸው የለም፤ የሚሽራቸውም እስካሁን አልተገኘም።

ይህን ከሁሉ አብልጣ የምታውቀው ወይዘሮ የብርጓል ናት። የአጥር ጎረቤታቸው ስለሆነች የሬዲዮውን ድምፅ ከባለቤቱ እኩል ትሰማዋለች፤ ሳትፈልግ።

አቶ ምናሴ የደቅ ደሴት ልጅ ናቸው። በልጅነታቸው እዚያው የኔታቸው እግር ሥር ተቀምጠው ዜማ ተምረዋል፤ በኋላ ከተማ ገብተው በአንድ ፋብሪካ ሠላሳ ዓመት ንብረት ክፍል ሠርተው ጡረታ ወጡ። ከሁለቱም ቤት ያመጡት ጠባይ አብሯቸው አለ። ከየኔታ ዘንድ፣ አንዴ የሰሙትን ቃል በቃል መያዝ፤ ከንብረት ክፍል፣ ያልፈረሙበትን ዕቃ አለመልቀቅ። ስለዚህ የግማሽ ሰዓቱን ዜና ሰምተው ሲያበቁ ኪዲ ሱቅ ደጃፍ ካለው አግዳሚ ላይ ይቀመጡና፣ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ ከ«ጤና ይስጥልኝ አድማጮቻችን» ጀምረው እስከ መሰናበቻው ያወርዱታል። አንባቢዋ ትንፋሽ የወሰደችበት ቦታ ላይ እሳቸውም ትንፋሽ ይወስዳሉ።

ድሮ የሚሰማቸው ሦስት ሰው ቢሆን ነው። ኢንተርኔቱ ከተዘጋ፣ ስልኩም በየሳምንቱ ድምፁ መጥፋት ከጀመረ ወዲህ ግን አግዳሚው አልበቃ ብሎ ሰው በርጩማ ይዞ ይመጣ ጀመር። የአገር ውስጡ ሬዲዮ ስለ መስኖ ያወራል፣ ስለ ምረቃ ያወራል። መስኖውም ምረቃውም ደግ ነገር ነው፤ ሰው የቸገረው መንገዱ ክፍት ይሁን ዝግ ማወቅ ነው። የባሕር ማዶውን ጣቢያ ደግሞ ከየት እንደሚመጣ የማይታወቅ ጩኸት እየተከታተለ ያፍነዋል። ጣቢያው ሞገድ ቀይሮ ይሸሻል፣ ጩኸቱ ይከተለዋል፣ የአቶ ምናሴ አውራ ጣት ከሁለቱም ኋላ ይሮጣል። ታማኝነታቸው ደግሞ ለከት የለውምና ጩኸቱንም ሳይቀር ይተርኩታል። ዜናው የታፈነበት ቦታ ሲደርሱ ዓይናቸውን ጨፍነው «ሽሽሽሽሽ» ይላሉ፣ ልክ የታፈነውን ያህል ጊዜ፤ ከዚያ ይቀጥላሉ። ለምን ቢባሉ መልሳቸው አንድ ነው።

«አልጨምርም፣ አልቀንስም።»

ከዚህ ሌላ አንድ ዓረፍተ ነገር አላቸው፤ ሰፈሩን ያስመረረው እሱ ነው። ከጣቢያው የወረሱት ነው፦ «ይህን ከገለልተኛ ወገን ማረጋገጥ አልተቻለም።» ዜና ላይ ቢሆን ማን ይጠላዋል። እሳቸው ግን ዓሣ ሻጩ የዛሬ ጠዋት ዓሣ ነው ሲላቸው ይሉታል። የኪዲን እጮኛ ቤተሰቦች ደግነት ሲነገራቸው ይሉታል። አንድ ጊዜማ ቀብር ላይ የሟች የሕይወት ታሪክ ሲነበብ፣ «ደግና ለጋስ ነበሩ» ከሚለው ላይ ሲደረስ፣ በለሆሳስ ሊሉት አስበው ድምፃቸው አምልጧቸው ወጣ። የሟች ሚስት ሁለት ወር ሙሉ ዘጋቻቸው።

የየብርጓል ጠብ ግን በሽቦው ነው። ሬዲዮው ጥርት ብሎ የሚይዘው ከአቶ ምናሴ ጣሪያ ተነስቶ የየብርጓል ማንጎ ጫፍ ላይ በታሰረ ረጅም ሽቦ ነው። ማንጎው የኔ ነው ትላለች፤ ናት። ግቢዬን አቋርጦ የሚያልፍ ሽቦ ደግሞ የልብስ ማስጫ ነው ትላለች፤ ልብስም ታሰጣበታለች። አንሶላ በተሰጣ ቁጥር ሽቦው ይረግባል፣ ዜናው ይደክማል። አቶ ምናሴ በአጥሩ ላይ ብቅ ብለው፣ ጣቢያውን የሚያፍኑት ሁለት ወገኖች መሆናቸውን፣ አንደኛውን እንደማያውቁት፣ ሁለተኛዋን ግን በስም ሊጠሩ እንደሚችሉ ያስታውቃሉ። እሷም ደህና አድርጋ ትመልስላቸዋለች።

ትመልስላቸው እንጂ፣ አንድ ሰዓት ሲሆን እሷም ሥራዋን ትታ አጥሩን ትጠጋለች። ሴት ልጇ ሔራን ከሐይቁ ወዲያ ማዶ ቆላ ድባ አስተማሪ ናት፤ ስልክ ከጠፋ ወር አልፎታል። ከዜናው ሁሉ የብርጓል የምትጠብቀው አንድ ቃል ነው፦ ደምቢያ፤ ቆላ ድባ ያለችበት አገር። ያ ቃል ሳይነሳ ዜናው ካለቀ እህል ይበላላታል።

አንድ ማክሰኞ በልብስ ማስጫው ነገር በጣም ተጣሉ። የብርጓል ለእልህ ትልቁን ጋቢ ነክራ፣ ሳትጨምቀው፣ ሽቦው ላይ ጣል አደረገችውና ቤቷን ዘግታ ተቀመጠች። ያን ቀን ዜናም አልሰማችም።

በማግስቱ ሰፈሩ ሌላ ሆነባት። ባለሱቋ ኪዲ፣ የብርጓል አንድ ኪሎ ሽንኩርት ብትጠይቃት፣ አንድ ተኩል መዝና ዓይኗን ሸሸች። ጎረቤቶቿ እያወሩ እሷ ስትደርስ ስለ ዝናብ ይጀምራሉ። የእድሩ ዳኛ አቶ አበራ፣ ሰላምታቸው ከግንባር መነቅነቅ አልፎ የማያውቅ ሰውዬ፣ ቆመው ስለ ጤናዋ ጠየቋት። ያን ጊዜ ነገሩ የሔራን እንደሆነ ጠረጠረች። የሚጠየቅ ሰው አጣች እንጂ ጥያቄውንስ አውቃዋለች።

ሐሙስ ጎህ ሳይቀድ ግቢዋ ውስጥ ኮሽታ ሰማች። ዘነዘናዋን ይዛ ብትወጣ ማንጎው ላይ ሰው አለ። ጠጋ ብላ ብታይ አቶ ምናሴ ናቸው፤ ሬዲዮው በነጠላ ቅዳጅ ደረታቸው ላይ ታስሯል፣ አንድ እጃቸው ቅርንጫፍ፣ አንድ እጃቸው የተበጠሰ ሽቦ ይዟል። ሠላሳ ዓመት ሙሉ በዚህ ሰዓት ከኪዳን ቀርተው የማያውቁ ሰው! ምን ሊሠሩ ነው ልትል ስትል የውጪው በር ተንኳኳ።

በአጥሩ ቀዳዳ አየች። አራት ሽማግሌዎች ጋቢያቸውን ተከናንበው ቆመዋል፤ ፊት ለፊት አቶ አበራ። በዚህ አገር ጎህ ሲቀድ አራት ሽማግሌ በር ላይ ከቆመ የሚመጣው አንድ ነገር ብቻ ነው። መርዶ ነው። ዘነዘናው ከእጇ ወደቀ። ሔራን፣ አለች በሆዷ።

«አቶ አበራ» አሉ አቶ ምናሴ ከዛፉ ላይ። «ያየ ሰው ማነው?»

አቶ አበራ ከየት እንደተጠሩ ግራ ገብቷቸው ወደ ሰማይ አንጋጠጡ። የቆላ ድባን መምህራን የጫነችው ሚኒባስ መገልበጧን አገር ሁሉ እንደሚያውቅ፣ ሌሎቹም ተተኮሰባት እንደሚሉ፣ ከመምህራኑ አንድም እንዳልተረፈ ተናገሩ። አንዱ ሽማግሌ ነጭ ሚኒባስ ናት አሉ፤ ሌላኛው ሰማያዊ።

«አገር ሁሉ ያወራውን አልጠየቅሁም። ያየ ማነው?»

«የነገሩን እርስዎ አይደሉ እንዴ!» አሉ አቶ አበራ ተቆጥተው። «ማክሰኞ ማታ፣ ኪዲ ሱቅ ደጃፍ!»

አቶ ምናሴ ይህንን አውቀውታል። ቀኑን ሙሉ ወሬውን ከቤት ቤት ወደ ኋላ ሲከተሉት ውለው፣ ረቡዕ ማታ የደረሱት እዚሁ ነበር፣ የገዛ አፋቸው ላይ። ማክሰኞ ዕለት የሰሙት ይህን ነው፦ «ከቆላ ድባ መምህራንን ጭና የተነሳች ሚኒባስ…» ከዚያ ጩኸት፣ ረጅም ጩኸት፣ እስከሚቀጥለው ዜና ድረስ። እሳቸውም እንደ ልማዳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ያን ሁሉ ሽሽሽ አሉ። ሰፈሩ ደግሞ በዚያ ሽሽሽ ውስጥ መኪና ገለበጠ፣ ጥይት ተኮሰ፣ ሰው ቀበረ።

«የሰማሁትን እኔ ነገርሁ» አሉ፣ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ። «ያልሰማሁትን እናንተ ሞላችሁት። የሌሊቱ ዜና አሁን ይደገማል። ከዚያ በፊት ማንም መርዶ አይናገርም።» ቁልቁል ወደ የብርጓል ዞሩ። «አንቺ፣ እንዳትቀመጪ። ይህን ሽቦ ያዥልኝ፤ ከፍ አድርጊው።»

የብርጓል ያዘች። ሁለት እጇን ወደ ላይ ዘርግታ በጣቶቿ ቆመች። ሽማግሌዎቹም በሩን ራሳቸው ከፍተው ገብተው፣ ጫማቸው ጤዛ እየጠጣ፣ ማንጎውን ከበው ቆሙ። ጩኸቱ መጣ፤ አውራ ጣት ዞረ፤ ጩኸቱ ራቀ። የአንባቢዋ ድምፅ ጥርት ብሎ ወጣ። ከቆላ ድባ መምህራንን ጭና የተነሳች ሚኒባስ መንገዱ በመዘጋቱ ከከተማ ሳትርቅ መመለሷን፣ ተሳፋሪዎቹም ሁሉም በሰላም ማደራቸውን አንድ የዓይን እማኝ ለጣቢያው ገልጿል።

የብርጓል እጇን አላወረደችም። ዜናው አልቆ የአየር ጠባይ እስኪነገር ድረስ ሽቦውን እንደያዘች አለቀሰች። አቶ አበራ እልል በሉ ብለው ጎረቤት ሊጠሩ ሲሉ ከላይ ድምፅ መጣ።

«ቆይ። አንድ ምንጭ ብቻ ነው።»

የዚያን ዕለት ማታ አቶ ምናሴ አግዳሚው ላይ አልተቀመጡም። ቆመው፣ ቆባቸውን አውልቀው፣ «እርምት» አሉ፤ ጣቢያው ሲሳሳት እንደሚያደርገው። ከዚያ ቀን ጀምሮም ሽሽሽ ማለት ቀረ። ዜናው የታፈነበት ቦታ ሲደርሱ «እዚህ ላይ አልሰማሁም» ይላሉ፣ ሦስት ጊዜ፣ ሰው ሁሉ ራሱን እስኪነቀንቅላቸው እያዩ።

እሑድ ከሰዓት ከጎርጎራ የመጣች ጀልባ ሔራንን አወረደቻት። የብርጓል ልጇን ስማ ሳትጠግብ፣ ሻንጣዋን እንኳ ሳታስወርዳት፣ እጇን ይዛ ወደ አጥሩ ወሰደቻት።

«አቶ ምናሴ» አለች፣ «ሁለተኛ ምንጭዎ መጥታለች።»

ወጡ። ልጅቷን በጥሞና ተመለከቱ። ሚኒባሷ ምን ዓይነት ቀለም እንደነበራት ጠየቁ፣ ስንት ሆነው እንደተሳፈሩ ጠየቁ፣ እሷም እየሳቀች መለሰች። ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ረክተዋል።

የብርጓል ግን ከአጥሩ አልራቀችም። አራት ቀን ሲከነክናት የከረመ ነገር ነበረ። ያ ያልተጨመቀ ጋቢ። ሽቦውን የበጠሰው እሱ እንደሆነ አይታለች። ማክሰኞ ማታ ዜናውን የበላው ጩኸቱ ነው፣ ወይስ እሷ ናት ልጇን ለሁለት ቀን የቀበረችው? ጠየቀቻቸው፤ ዓይናቸውን ማየት አልቻለችም።

አቶ ምናሴ ሽቦውን አዩ፣ ማንጎውን አዩ። ሽቦው በስንት ሰዓት እንደተበጠሰ የሚያውቅ ሰው ቢኖር እሳቸው ናቸው፤ አውራ ጣታቸው ሬዲዮው ላይ ነበረ። ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ይህን» አሉ፣ «ከገለልተኛ ወገን ማረጋገጥ አልተቻለም።»