የኔታ ያሰመሩት መሪ

ሰው ቀጥ ያለ ነገር ለምን እንደሚወድ እስካሁን አልገባኝም። እንግዳ ቤታችሁ ይመጣል። ይቀመጣል። ውሃ ትሰጡታላችሁ። ግድግዳው ላይ ያለው ሥዕል ትንሽ ጋደል ካለ ግን ውሃውን አስቀምጦ ይነሣና ያቃናዋል። ማን ጠየቀው? ሥዕሉ እንደሆነ አላማረረም።

ሰቆጣ ሳለሁ አከራዬ አያ ወልዱ የሚባል ሰው ነበር። የቤቱ በር ዘንበል ያለ ነው። ዘንበል ስላለም ሰው ከገባ በኋላ ራሱ ይዘጋል። ጎረቤት ሁሉ ሳቀበት። አንድ ቀን መረረውና አናጢ ጠርቶ አቃናው። በሩ ቀጥ አለ፤ ራሱን መዝጋት ግን ተወ። በሳምንቱ ጅብ ገብቶ ፍየል ወሰደበት። አያ ወልዱ የፍየሏን ገመድ ይዞ በሩ ላይ ቆሞ፣ «አየህ፣ ጠማማ ሳለ ሥራውን ያውቅ ነበር» አለኝ።

እኔም የማወራችሁ ስለ አንድ ጠማማ ነገር ነው። ስለ መኪና መሪ።

መኪናው የኔ አልነበረም። የኮረም ነጋዴ የጭነት መኪና ነው፤ ጣሊያን ጥሎት የሄደ፣ ከኔ በዕድሜ የሚበልጥ። እኔ ሾፌሩ ነበርኩ። እንዴት ሾፌር እንደሆንኩ ረጅም ነው፤ ላሳጥረው። የአበርገሌ ልጅ ነኝ። አባቴ በክፉ ዓመት ሞተ። በእግሬ ሰቆጣ መጣሁ። ጨው ጫንኩ፣ አወረድኩ፣ ከመኪናው ሥር አደርኩ፣ ከዚያ ከመኪናው ላይ አደርኩ፣ መጨረሻ ላይ መሪው ፊት ተቀመጥኩ። ይኸው ነው።

አንድ ቀን ከኮረም ስመለስ ሰቆጣ መግቢያ ወንዙ መሻገሪያ ላይ ድንጋይ መታሁ። ለምን እንደመታሁ አልናገርም። ድንጋዩ ትልቅ ነበር። ሰዓቱም ቀትር ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ መኪናው ቀጥ ብሎ ሲሄድ መሪው ቀጥ አይልም። አንድ ስንዝር ያህል ወደ ቀኝ ተጣሞ ይቀራል። መኪናው ግድ አልነበረውም። እኔም ግድ አልነበረኝም። እጅ ምን ያማርጣል? ለመደው።

ግድ የነበራቸው የኔታ ክንፉ ናቸው።

የኔታ የቤተ ክርስቲያን ጸሐፊ ነበሩ። ብራና ይፍቃሉ፣ ክር ወጥረው በወስፌ ያሰምራሉ፣ ይጽፋሉ። የሰቆጣ ሰው አንድ ነገር ቀጥ ማለቱን ሲጠራጠር እሳቸውን ይጠራል። አጥር ሲታጠር ይጠራሉ፣ መሠረት ሲጣል ይጠራሉ፣ ባልና ሚስት ሲጣሉም ይጠራሉ። አንዲት ልጅ ነበረቻቸው፤ አልጋነሽ። እኔ አልጋነሽን ማግባት ፈለግሁ። ከዚህ በላይ አልዘረዝርም።

የሚልክልኝ አባት ስለሌለኝ አያ ወልዱን ሽማግሌ አድርጌ ላክሁት። ሲመለስ ፊቱ የፍየሏ ቀን የነበረውን ይመስላል።

«ምን አሉ?» አልኩት።

«‹መኪናውን አይቼዋለሁ› አሉ። ‹ሰውየው ወደ ቀኝ ይጠመዝዛል፣ መኪናው ወደፊት ይሄዳል። ከገዛ ዕቃው ጋር ያልተስማማ ሰው ከሚስት ጋር ምን ሊስማማ ነው?› አሉ።»

«አንተስ ምን አልክ?»

«ምን ልበል? እውነታቸውን ነው አልኩ።»

ሽማግሌ ማለት እንዲህ ነው። ደግነቱ የኔታ በሩን ጨርሰው አልዘጉትም። ጾሙ ሳይገባ መሪው ከቀና ኑ ብለዋል። ካልቀና ደግሞ ከዚሁ ከጎረቤታችን ከዝቋላ ሁለት በቅሎ ያለው ሰው ሽማግሌ ልኳል። ጾም ሊገባ የቀረው ሁለት ሳምንት ነበር።

«የበቅሎ አንገት ቢጣመም ማን ይጠይቃል!» አለ አያ ወልዱ። እንደ ማጽናናት መሆኑ ነው።

ጋራዥ ያለው ደሴ ነው። ደሴ ከወሰድኩት ባለመኪናው ይሰማል፤ ከሰማ ስለ ድንጋዩ ይጠይቃል። ስለዚህ እቤት ላቃናው ወሰንኩ። ትክክለኛው ሥራ ከሥር ገብቶ የተቆለመመውን ዘንግ ማቃናት ነው። ለዚያ መሣሪያ አልነበረኝም። ሌላው መንገድ መሪውን ነቅሎ፣ ጎማዎቹን ቀጥ አድርጎ፣ መሪውን መልሶ ቀጥ አድርጎ መትከል ነው። ሲያወሩት ቀላል ነው።

መኪናውን አያ ወልዱ ግቢ አስገባሁ። መሐል ያለውን ትልቁን ዳዶ ፈታሁ። መሪው ግን አልነቀል አለ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይላሉ፤ መሪን ረስተውታል። ላምባ አፈሰስኩበት፣ አሳደርኩት። በመዶሻ ዙሪያውን ነካካሁት። በመጨረሻ ጉልበቴን አስደግፌ በሁለት እጄ ሳብኩት። ያኔ ያለማስጠንቀቂያ መጣ። አፌን ነው የመታኝ። አንድ ጥርሴ ወለቀ።

አያ ወልዱ ጥርሴን ከመሬት አንሥቶ አገላብጦ አየው። «ይሄ የመኪናው ነው ያንተ?» አለ።

ደሜን እየጠረግሁ ሳለሁ የኔታ በግቢው በር ገቡ። ሊያዩ ነው የመጡት። እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው መኪናውን አንድ ጊዜ ዞሩት። ከዚያ ጎማዎቹ ቀጥ ማለታቸውን በምን እንደማውቅ ጠየቁኝ።

«በዓይኔ፣ የኔታ» አልኩ።

«በዓይን!» አሉ። በኽምጣኛ የሆነ ነገር ጨመሩ። የአፍ መፍቻ ቋንቋዬ ስለሆነ ገባኝ። እዚህ አልደግመውም።

ትንሽ ቆሙ። ለመሄድ ዞሩ። ሁለት እርምጃ ሄደው ተመለሱ። ባለሙያ ሰው ሥራ ሲበላሽ ቆሞ ማየት ያቅተዋል። «መስመር ሳይሰመር ፊደል አይቆምም» ብለው ካባቸውን አወለቁና ከኪሳቸው የብራና ማስመሪያ ክራቸውን አወጡ። አያ ወልዱ የክሩን ጫፍ ከኋላ ጎማ ጋር እንዲይዝ አዘዙት። እሳቸው በመኪናው ግራ በኩል እስከ ፊት ጎማ ወጥረው ያዙ። ክሩ የኋላውን ጎማ ሁለት ጠርዝ ነካ። የፊቱንም ጎማ ሁለቱን ጠርዝ እንዲነካ አድርጌ አዞርኩት። ነካ። ቀጥ አለ። አበቃ።

አላበቃም። የኔታ ጎንበስ ብለው አዩና ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ኅዳግ የለውም» አሉ።

«ምን የለውም?»

«ኅዳግ! ጽሑፍ ከብራናው ጠርዝ ጋር ይለጠፋል እንዴ? የውስጡ ኅዳግ ይጠባል፣ የውጪው ይሰፋል። ሕጉ ነው። አርባ ዓመት ሙሉ አንድም ገጽ ያለ ኅዳግ አልጻፍኩም። ፊት በኩል አንድ ጣት ልቀቅ።»

እዚህ ላይ ትንሽ ላስረዳችሁ። አንድ ጣት ለጎማ ምንም አይደለም። ግን ጎማ አንድ ጣት ሲዞር መሪ አንድ ስንዝር ይዞራል። የፊቱ ጎማ የፊት ጠርዝ ከክሩ አንድ ጣት ከራቀ መኪናው ወደ ቀኝ እያየ ነው ማለት ነው። መሪውን እዚያ ላይ ቀጥ አድርጌ ከተከልኩት፣ ቀጥ ባለ መንገድ ላይ ወደ ግራ ይጣመማል። ይህን አውቅ ነበር። መኪና ሥር ያደረ ሰው ያውቃል።

አያ ወልዱም ነገሩ ሳይሸተው አልቀረም። የክሩን ጫፍ እንደያዘ ዓይኔን ዓይኔን አየኝ።

ልናገር? ለሚስት አባት፣ ያውም ለየኔታ፣ ያውም ስለ መስመር? በአንድ በኩል መሪው ካልቀና አልጋነሽ ወደ ዝቋላ ልትሄድ ነው። በሌላ በኩል አርባ ዓመት ያሰመሩትን ሰው ተሳስተዋል የሚል አማች ማን ይፈልጋል? የዳዶውን መፍቻ በእጄ እንደያዝኩ ቆየሁ። በእውነቱ ያን ቀን ያህል ያሰብኩበት ቀን የለም።

«የኔታ፣ እርስዎ ራስዎ ይለኩልኝ» አልኩ።

የገዛ ጣታቸውን በክሩና በጎማው መሐል አስገቡ። «ይሄው» አሉ። መሪውን ገጠምኩ። «ቀጥ ብሏል?» አልኳቸው። በአንድ ዓይናቸው አነጣጥረው፣ «እንደ ዳዊት ገጽ!» አሉ። ዳዶውን አጠበቅሁት። በደንብ ነው ያጠበቅሁት።

በማግስቱ ፈተናው ሆነ። ሰቆጣ ውስጥ ቀጥ ያለ ቦታ ቢፈለግ የገበያው ሜዳ ብቻ ነው። የኔታ ጥምጥማቸውን አሳምረው ጋቢና ተቀመጡ። አያ ወልዱ ከኋላ ጭነቱ ላይ ወጣ። ነዳሁ። ሜዳው ላይ ስንደርስ መኪናው ቀጥ ብሎ ይሄዳል። መሪው አንድ ስንዝር ወደ ግራ ተጣሟል።

የኔታ መሪውን አዩ። ሜዳውን አዩ። እንደገና መሪውን አዩ። ከዚያ ቀስ ብለው የገዛ ጣታቸውን አዩ።

እኔ ወደፊት ነው የማየው።

አያ ወልዱ ከኋላ ጣሪያውን ደበደበ። «የኔታ! ቀና?» ብሎ ጮኸ። የገበያ ሰው ሁሉ ዞረ። ሽማግሌ ማለት እንዲህ ነው ብያችኋለሁ።

የኔታ ጥምጥማቸውን አስተካከሉ። እስከ ሜዳው ጫፍ አስተካከሉ። ከዚያ ራሳቸውን በመስኮት አውጥተው፣ «መሪው ቀንቷል! መንገዱ ነው ያጋደለው!» አሉ። ራሳቸውን መለሱና ወደ እኔ ሳያዩ፣ «ጾሙ ሳይገባ ይሁን» አሉ።

ሆነ። የዝቋላው ሰውዬ በቅሎዎቹን ይዞ ተመለሰ። ደኅና በቅሎዎች ነበሩ፤ አንገታቸውም ቀጥ ያለ ነበር።

ያን መኪና ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ነዳሁት። መሪው እንደተጣመመ ነው። ላቃናው እችል ነበር፤ የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው። ግን የኔታ በመንገድ ባገኙኝ ቁጥር ቆም ብለው አንዴ ያዩታል። መጀመሪያ ያፍሩ ነበር። በኋላ በኋላ ግን ለደቀ መዛሙርታቸው በጣት እያመለከቱ፣ «ያን ያሰመርኩት እኔ ነኝ» ይሉ ጀመር። ታዲያ ይቃናል?

አንድ ጊዜ ከአልጋነሽ ጋር ኮረም ስንሄድ መሪውን ብዙ ሰዓት ስታይ ቆየችና፣ «ይቺን ነገር ግን አታቃናትም?» አለችኝ።

«አባትሽ ያሰመሩትን?» አልኳት።

ወንዙ መሻገሪያ ስንደርስ ያ ድንጋይ እዚያው አለ። እሷ ያን ጊዜ ልብስ ታጥብበት ከነበረው ቦታ ሃያ እርምጃ አይርቅም። አየችው፣ እኔን አየች።

«በጠራራ ፀሐይ ይሄን የሚያህል ድንጋይ እንዴት አይታይህም? ወዴት ስታይ ነው?» አለችኝ።

መሪውን አንድ ስንዝር ወደ ግራ አጣመምኩና ቀጥ ብዬ ተሻገርኩ።

«መንገዱ ነው ያጋደለው» አልኳት።